ውሃ የማይጠጣ መሬት

ዋልካ ላይ የሄደ ሰው ይሄን ታሪክ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዋልካ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም ይላል፤ ጫማ ያስቀራል። በበጋ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ዝናቡ ሲመለስ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች አይሰርግም፤ እዚያው ላዩ ላይ ይተኛል። የእኛ ገበሬ ይሄን ጠባዩን ያውቃል። ወይ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያወጣለታል፣ ወይ ክረምቱ ጋብ እስኪል ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በደቡብ ባለችው የአላባማ ግዛት፣ ዋልካን የመሰለ ጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ አንድ የገጠር አካባቢ አለ፤ ሎውንድስ ካውንቲ ይባላል። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው፤ የራሱ ሸሪፍ፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ግብር ገማች አለው። ሎውንድስ ከአዲስ አበባ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ሕዝቡ ግን በ2020 ቆጠራ 10,311 ብቻ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው ጥድ፣ ከብት የሚግጥበት መስክ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የቆመ ቤት ነው።

እዚህ ቦታ ምን ታሪክ ይኖራል ትሉ ይሆናል። ግን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ከምንሰማው ነገር ብዙው፣ ባርነቱ፣ የመምረጥ መብት ትግሉ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የጥቁሩ ግስላ ምልክት ሳይቀር፣ በዚህ መሬት ላይ አልፏል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚነገረው ከ1965ቱ ታላቅ ሰልፍ ተነስቶ ነው። እኔ ከአፈሩ ልጀምር፤ ምክንያቱም አፈሩ ሳይገባን ሰልፈኞቹ ምን እየጠየቁ እንደነበር፣ ምኑን አግኝተው ምኑ እንደቀረባቸውም አይገባንም።

ባሕር የነበረ ምድር

ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች ገና በሕይወት እያሉ፣ የዛሬዋ አላባማ ደቡባዊ ክፍል ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ተሸፍኖ ነበር። በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ፍጥረታት በባሕሩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሲሞቱ ጥቃቅን ቅርፊታቸው ወደ ታች ይወርዳል። ይሄ ለሚሊዮን ዓመታት ሲደራረብ ወፍራም የጠመኔ ንጣፍ ሆነ። አዎ፣ ያው ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ። ባሕሩ ሲሸሽ ንጣፉ ቀረ፤ ከላዩ ደግሞ በጊዜ ብዛት ጥቁር፣ ለም፣ የሚያጣብቅ አፈር ተፈጠረ።

ይሄ አፈር በአላባማ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ዞሮ እስከ ሚሲሲፒ ይዘልቃል። ስሙም ብላክ ቤልት ነው፤ ጥቁሩ መቀነት ማለት። ታዋቂው የጥቁሮች መምህር ቡከር ቲ ዋሽንግተን ስለ ስሙ ሲጠየቅ፣ መጀመሪያ የወጣው ለአፈሩ ቀለም እንደሆነ፣ በኋላ ግን ጥቁር ሕዝብ ከነጩ የሚበዛበትን አገር ሁሉ መጥሪያ እንደሆነ አስረድቷል። ሁለቱ ትርጉሞች የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ባለርስቶች ባሪያዎቻቸውን ነድተው የመጡት አፈሩ ወደሚያበቅልበት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ያሰመረው መስመር ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ማን የት እንደሚኖር ወሰነ።

ግን ቀስ እንበል። አፈር ብቻውን ማንንም ባሪያ አያደርግም። መጀመሪያ መሬቱ ከባለቤቱ መነጠቅ ነበረበት።

ባለቤቶቹ ነጮቹ ክሪክ የሚሏቸው የመስኮጊ ሕዝቦች ነበሩ። በ1813 ከመካከላቸው ነጭ ሰፋሪን የሚዋጉት ወገኖች በአላባማ ወንዝ ገደል አናት ላይ፣ ዛሬ ሎውንድስ በሆነው ቦታ፣ መንደር ቆረቆሩ። ነቢያቶቻቸው ቦታውን ባርከውታልና ጠላት ሊገባበት አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። እንግሊዝኛው ስሙ እስከ ዛሬ ቅዱሱ ምድር የሚል ትርጉም አለው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1813 የአሜሪካ ጦር ገባበትና አቃጠለው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ዊልያም ዌዘርፎርድ ከገደሉ ላይ ከነፈረሱ ወንዙ ውስጥ ዘሎ አመለጠ ይባላል።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 1814፣ ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን የመስኮጊ ሕዝቦችን ውል አስፈረማቸው። በውሉ ወደ 93 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ተወሰደ። የሚገርመው፣ ከጃክሰን ጎን ተሰልፈው የተዋጉት መስኮጊዎችም መሬታቸውን አጡ። በቃ፣ ጥቁሩ አፈር ለጥጥ ክፍት ሆነ።

ጥጥ፣ ዕዳ፣ እኩል አርሶ

ሎውንድስ ካውንቲ ተብሎ የተቋቋመው በ1830 ነው። ስሙ የደቡብ ካሮላይና ፖለቲከኛ ስም ነው። የዋና ከተማዋ የሄይንቪል ስምም ከዚያው ግዛት ሴናተር የተወሰደ ነው። ሰፋሪዎቹ ከምሥራቅ ሲመጡ ስማቸውን፣ ጥጣቸውንና ባሪያዎቻቸውን ይዘው ነው የመጡት። ጥጡ በአላባማ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ ወደ ሞቢል ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች። በ1860፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊነሳ ሲል፣ ከካውንቲው 27 ሺህ ገደማ ነዋሪ ውስጥ ከ19 ሺህ በላይ የሚሆነው ባሪያ ነበር።

ጦርነቱ ባርነትን አስቀረ፤ መሬቱን ግን አላከፋፈለም። ነጻ የወጣው ሰው በእጁ የያዘው ነጻነቱን ብቻ ነው፤ በሬ የለው፣ ማረሻ የለው፣ መሬት የለው። ስለዚህ ወደ ቀድሞ ጌታው ማሳ ተመልሶ እኩል አራሽ ሆነ። እኩል አራሽና ጢሰኛ የሚሉት ቃላት ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ አያቶቻችን ኖረውበታል። የሎውንድሱ አራሽ ዘሩንና ምግቡን ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ጥጡ ሲሸጥ ሂሳቡን የሚያሰላው ባለርስቱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አራሹ አሁንም ባለዕዳ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ መሄድ አይችልም።

በ1901 የወጣው የአላባማ ሕገ መንግሥት ሌላ በር ዘጋ። መራጭ ለመሆን ግብር መክፈል፣ ማንበብና መጻፍ፣ ንብረት መያዝ፣ የመዝጋቢውን ጥያቄ ማለፍ ተጠየቀ። ሕጉ ላይ ጥቁር የሚል ቃል አልተጻፈም፤ አያስፈልግም ነበር። ፈታኙም አራሚውም ነጭ ነው።

በ1906 ሊቁ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ ለፌደራል መንግሥቱ የሥራ ቢሮ ጥናት ሊያደርግ ሎውንድስ ገባ። መሬቱ የማን ነው፣ ሰው እንዴት ይኖራል፣ ውሉ ምን ይመስላል ብሎ ከረዳቶቹ ጋር ቤት ለቤት ጠየቀ። መንግሥት ጥናቱን ካሠራ በኋላ ለማሳተም እንቢ አለ። በኋላም ጽሑፉ ተወገደ። አስቡት፤ የሚያውቁትን እንዳልሰሙ ለመሆን ከፍለው ያሠሩትን ወረቀት ማጥፋት።

በዚያው ዘመን ግን አንድ የተለየ ነገርም እየሆነ ነበር። ካልሁን በምትባል የካውንቲው መንደር በ1892 የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ፊደል ማስተማር ብቻ አልበቃው አለና ርስት እየገዛ፣ እየቆራረሰ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ ለጥቁር ቤተሰቦች የሚሸጥበት መንገድ አበጀ። በደርዘን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ባለመሬት ሆኑ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከ1910 በኋላ የጥጥ ፍሬ የሚበላ ነቀዝ አላባማ ደረሰና ማሳውን አወደመው። በ1935 የጥጥ ለቃሚዎች ለ100 ፓውንድ ጥጥ አንድ ዶላር ይከፈለን ብለው ሥራ ሲያቆሙ ተደበደቡ፣ የተገደሉም ነበሩ። የቻለ ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች ተሰደደ። በ1900 ከ35 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ በ1960 ወደ 15 ሺህ ወርዶ ነበር። ከቀሩት ከአምስቱ አራቱ ጥቁሮች ናቸው። የካውንቲው ቅጽል ስምም በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ደም የጠገበው ሎውንድስ።

ማን መሬት ላይ ነው የምታድሩት?

አሁን 1965 ደረስን። በዓመቱ መጀመሪያ ሎውንድስ ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜያቸው የደረሰ ከ5 ሺህ በላይ ጥቁሮች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የተመዘገበው ስንት ነው? አንድም ሰው። ዜሮ። በነጮቹ መዝገብ ላይ ግን ካውንቲው ውስጥ ካሉት ለምርጫ የደረሱ ነጮች የሚበልጥ ስም ነበር። የሞቱትና አገር የለቀቁትም እንዳሉ ነበሩ ማለት ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ ጆን ሂውሌት የተባለ የአገሩ ተወላጅ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለመመዝገብ ሄይንቪል ፍርድ ቤት ሄደ፤ መለሷቸው። እንደገና ሄዱ። በወሩ አጋማሽ ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ፤ ሂውሌትና አንድ ዓይነ ስውር ሰባኪ። በዚያው ሳምንት ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚመራው ሰልፍ ከሴልማ ተነስቶ 87 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ ጉዞ ጀመረ። መንገዱ ሎውንድስን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። እዚያ አውራ ጎዳናው ስለሚጠብ ከ300 ሰው በላይ እንዳያልፍ ዳኛው አዝዞ ነበር። ዝናብ ወረደ። ሰልፈኞቹ አንዱን ሌሊት ያሳለፉት ያ አፈር በሠራው ጭቃ ላይ ነው።

ታዲያ እስቲ ጠይቁ፤ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ካውንቲ ውስጥ ማን ማሳ ላይ አሳደሩት? ከነጭ ባለርስት የተከራየ ጢሰኛ ሰልፈኛ ቢያሳድር ሲነጋ ራሱም ጎዳና ላይ ነው። የራሷ መሬት ያላት አንዲት ጥቁር እናት ግን ማሳዋን ከፈተችላቸው። በኋላ የተማሪዎቹ ድርጅት አደራጆች ሲመጡ ያስጠጓቸውም ባለመሬቶቹ ናቸው። ከካልሁን ጀምሮ በየቦታው ተገዝታ የቆየችው ቁራሽ መሬት ከሁለት ትውልድ በኋላ የትግሉ ማደሪያ ሆነች ማለት ነው። ሰው ቀና ብሎ ለመናገር መጀመሪያ የሚቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ሰልፉ መጋቢት 25 ሞንትጎመሪ ደረሰ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስትመልስ የነበረችው የአምስት ልጆች እናት ቫዮላ ሊውዞ፣ ከዲትሮይት ድረስ የመጣች ነጭ ሴት፣ ሎውንድስ ውስጥ በኩ ክለክስ ክላን አባላት በጥይት ተገደለች። ነሐሴ 6 የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ፤ በቀናት ውስጥ የፌደራል መዝጋቢዎች ካውንቲው ገቡ። ነሐሴ 20 ደግሞ ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ የሥነ መለኮት ተማሪ ሄይንቪል ውስጥ አንድ ሱቅ በር ላይ ተገደለ። ጠመንጃው የተደገነው በ17 ዓመቷ ሩቢ ሴልስ ላይ ነበር፤ እሷን ገፍቶ ጥይቱን እሱ ተቀበለ። ገዳዩ ነጭ ብቻ በተቀመጠበት የዳኝነት ሸንጎ ፊት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ።

ግስላውና አውራ ዶሮው

ስቶክሊ ካርማይክል የተባለው ወጣት አደራጅና ጓደኞቹ ሰልፉ ሲያልፍ እነሱ ሎውንድስ ውስጥ ቀሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ እሺ፣ ተመዘገብን፣ ታዲያ ማንን ነው የምንመርጠው? የአላባማ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። ከምልክቱ ጋር የነጭ የበላይነትን የሚያውጅ ጽሑፍ ነበረበት። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ ማለት የራስህን ገመድ ግዛ እንደ ማለት ነው።

አደራጆቹ የግዛቱን ሕግ ሲያገላብጡ አንድ ቀዳዳ አገኙ። በአንድ ካውንቲ ብቻ የሚወዳደር ፓርቲ ማቋቋም ይቻላል። ማንበብ የማይችል መራጭ ስለሚበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ፓርቲ ሥዕል ሊኖረው ይገባል። የሎውንድስ ካውንቲ የነጻነት ድርጅት ብለው አቋቋሙ፤ ለሥዕሉም ጥቁር ግስላ መረጡ። ጥፍሩን ያወጣ፣ ሊዘል የተዘጋጀ ግስላ። ግስላ ለአውራ ዶሮ ምን እንደሚያደርገው ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

የዋካንዳን ፊልም ያያችሁ ይሄን አትርሱ፤ ጥቁር ግስላ የሕዝብ ምልክት ሆኖ ወረቀት ላይ የታተመው መጀመሪያ እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው። በጥቅምት 1966 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ሂዊ ኒውተንና ቦቢ ሲል ፓርቲያቸውን ሲያቋቁሙ ስሙንም ምልክቱንም ከሎውንድስ ወሰዱ። ዓለም የሚያስታውሰው እነሱን ነው፤ ጥቁር ጃኬቱን፣ ጠመንጃውን። ለሎውንድስ ሰው ግን ግስላው ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክት የሚደረግበት ሥዕል ነበር። የሚፈልጉትም ሸሪፍ፣ ግብር ገማችና የትምህርት ቦርድ አባል መምረጥ ነው።

ባለርስቶቹ የመለሱት በለመዱት መሣሪያ ነው፤ በመሬቱ። ስሙን ያስመዘገበ ጢሰኛ ከነቤተሰቡ ልቀቅ ተባለ። የተባረሩት አውራ ጎዳናው ዳር የአገሩ ጥቁሮች ማኅበር በገዛው መሬት ላይ ድንኳን ተክለው ሰፈሩ። ሌሊት ሌሊት ከመንገድ ላይ ይተኮስባቸው ነበር። ሆኖም ሁለት ዓመት በላይ ቆዩ። በኅዳር 1966 ምርጫ ሰባቱም የግስላው እጩዎች ተሸነፉ። በ1970 ግን ጆን ሂውሌት የካውንቲው ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ፤ በቦታውም ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ሊመዘገብ ሄዶ የተመለሰው ሰው የሕጉ ጠባቂ ሆነ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውሃው የት ይሂድ?

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ሸሪፍ ሲለወጥ አፈሩ አይለወጥም፤ የመሬቱ ባለቤትነትም በአንድ ምርጫ አይገለበጥም። ድህነቱ እዚያው ቀረ።

የገጠር ቤት ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኝም፤ ሴፕቲክ ታንክ ይቀበርለታል። አሠራሩ ተራ ነው። ቆሻሻው ታንኩ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ውሃው ወጥቶ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ አፈሩ ያጣራዋል። ይሄ ሁሉ የሚሠራው አፈሩ ውሃ ከጠጣ ነው። የሎውንድስ አፈር ደግሞ አይጠጣም። ጥጡን ያወፈረው ያ እርጥበት የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ፍሳሹን መልሶ ይተፋዋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሽንት ቤቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ወደ ግቢ። ለእንዲህ ያለ አፈር የሚሆን የተለየ ሥርዓት አለ፤ ግን ዋጋው በአሥር ሺህዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ በዓመት የሚያገኘው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከቤቱ ኋላ ቱቦ ይዘረጋል። ቱቦው ሜዳ ላይ ያልቃል። ልጆችም እዚያው ሜዳ ይጫወታሉ።

መንግሥት ምን አደረገ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰዎቹን መክሰስ። ታንክ የማትቀብሩ ከሆነ እስር ይጠብቃችኋል ተባሉ። አፈሩን ማስተካከል ያቃተው ሰው በአፈሩ ጥፋት ተጠያቂ ሆነ።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣችው የካውንቲው ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ናት። ለዓመታት ጋዜጠኞችን፣ የምክር ቤት አባላትን፣ የሃይማኖት መሪዎችን እየጠራች ግቢ ለግቢ አሳየች። በ2017 የታተመ ጥናት በሎውንድስ 55 ሰዎችን መርምሮ በ19ኙ ላይ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ዱካ አገኘ። ይሄ ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ፣ የድሃ አገር በሽታ የሚባል ነው። አሜሪካ ከምድሯ ያጠፋችው ይመስላት ነበር። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የድህነት መርማሪ ፊሊፕ ኦልስተን መጥቶ አየ።

በ2021 የፌደራል ፍትሕ ሚኒስቴር ምርመራ ከፈተ። የሚያየው የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ጥቁር ነዋሪዎችን በዘራቸው ምክንያት አድልቶባቸው እንደሆነ ነው። በግንቦት 2023 ስምምነት ተፈረመ፤ ሰውን በፍሳሽ መክሰስ ይቁም፣ ችግሩ የት የት እንዳለ ይጠና፣ ማሻሻያ ይታቀድ። ሚያዝያ 2025 ግን አዲሱ የዋሽንግተን አስተዳደር ስምምነቱን ሰረዘው። ምክንያቱ የዘር ልዩነትን መሠረት ያደረጉ ሥራዎችን የማቆም ፖሊሲ ነው ተባለ።

እንግዲህ የአፈሩና የሕዝቡ ጥቁርነት እንደገና ተገናኙ። ጭቃው ዘር አይለይም፤ ማን ላዩ ላይ እንዲኖር፣ ማን ደግሞ ከዚያ ላይ መነሻ አቅም እንዳይኖረው የተወሰነው ግን በሰው ነው። በ1814 ውል፣ በ1830 ካርታ፣ በ1901 ሕግ፣ በየዓመቱ መጨረሻ በሱቁ የዱቤ መዝገብ። የአባት ዕዳ ለልጅ ይሉ የለ? የሎውንድስ ልጆች የወረሱት ዕዳ መጀመሪያውኑ የአባቶቻቸው አልነበረም።

ድንኳኖቹ የተተከሉበት ቦታ ላይ ዛሬ ሙዚየም ቆሟል። በ2006 ተከፈተ። ቱሪስቱ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ የግስላውን ሥዕል ያያል፣ የድንኳኑን ታሪክ ያነባል፣ ፎቶ ይነሳና ወደ ሞንትጎመሪ ይቀጥላል። የ1965ቱን ጀግኖች ማክበር ተገቢ ነው። ግን ዝናብ የጣለ ቀን የሄደ ሰው ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ ኋላ መንገዶቹ ጥቂት ቢነዳ፣ ያልተዘጋውን ምዕራፍ ያየዋል። ውሃው አሁንም ሣሩ ላይ ተኝቷል፣ የሚሄድበት አጥቶ።